ከደም ዝርዝራችን ማንም አይሰረዝ

እኅቶቼ፣ በማኅበራችን የደም ዝርዝር ላይ አዲስ ሐሳብ ቀርቧል። «ሐሽሽ የምታጨስ ሴት ስሟ ይሰረዝ፤ አዲስ የምትመዘገብም ታጨሽ እንደሆነ ትጠየቅ» ይላል። በሚቀጥለው እሁድ ስብሰባ ድምፅ እንሰጥበታለን ተብሏል። እኔ እቃወመዋለሁ። ስብሰባ ላይ የሚሰጠን ሦስት ደቂቃ ስለማይበቃኝ ምክንያቴን እዚህ ጻፍኩት።

ዝርዝሩ ለምን እንዳለ ለአዲሶቹ ልናገር። እዚህ ሊባኖስ ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ደም ሲያስፈልገው ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ «የሚሰጥ ሰው አምጡ» ይባላል። የአገሩ ሰው ወንድም አለው፣ የአጎት ልጅ አለው፣ የሰፈር ጓደኛ አለው። እኛስ? እናቷ ወሎ፣ እኅቷ ጅማ ያለች ልጅ እዚህ ወልዳ ደም ሲፈሳት ማንን ትጥራ? ማዳሟ ስልኳን ካጠፋች አለቀ። ስምና የደም ዓይነት ጽፈን የያዝነው ለዚህ ነው። ሌሊት ሲደወል ከዶራ በሰርቪስ ተሳፍራ የምትደርስ ሴት እንድትኖር ነው። ከዚህ ዝርዝር አንድ ስም ሲሰረዝ አንዲት ታማሚ የምትጠራው ሰው ይጎድላታል።

ሐሳቡን ያቀረቡት ታላቅ እኅታችን ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ። ከቤት የወጡ ስንት ልጆችን አስጠግተው ያበሉ ሰው ናቸው። ያሉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ «የሚያጨስ ሰው ደሙ ተበክሏል፤ ለታመመ ሰው ጭስ አንሰጥም» አሉ። ሁለተኛ «ስማችን ይጠፋል» አሉ። በየተራ እንያቸው።

ከደም ውስጥ ከግማሽ በላዩ ፕላዝማ የሚባል ቢጫ ፈሳሽ ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገውና በሽታ የሚከላከለው ነገር እሱ ውስጥ አለ። ጉበቱ ለታመመ ሰው፣ ወልዳ ደሟ አልቆም ላላት ሴት ፕላዝማ ይሰጣል። ሙሉ ደም ተወስዶ ይለያል፤ ወይም በማሽን ፕላዝማው ብቻ ይወሰድና ቀዩ ወደ ክንድ ይመለሳል።

በሐሽሽ ውስጥ የሚያሰክረው ነገር ቲኤችሲ ይባላል። ፕላዝማ ውስጥ ይገባል፣ እሱን አልክድም። ግን ካጨሱ በኋላ በሰዓታት ውስጥ በጣም ይቀንሳል፤ የቀረው የሰውነት ስብ ውስጥ ተቀምጦ ጥቂት በጥቂት ይወጣል። አሜሪካ በዓለም ላይ ብዙ ፕላዝማ የሚሰበሰብባት አገር ናት። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ «ሐሽሽ ያጨሰ ሁሉ ደም አይስጥ» የሚል ደንብ አላወጣም። የአሜሪካ ቀይ መስቀልም ማጨስ ብቻውን አያስከለክልም ይላል፤ የሚከለክለው ሰክሮ መምጣትን ነው። ካናዳም እንዲሁ ነው። ፕላዝማ የሚገዙ የግል ድርጅቶች የየራሳቸው ጥብቅ ደንብ ሊኖራቸው ይችላል፤ የአገር ሕግ ግን «ተበክሏል» ብሎ ሰውን አልጣለም።

ሰክሮ መምጣት የተከለከለበትም ምክንያት አለው። ደም ከመስጠት በፊት ብዙ ጥያቄ ይጠየቃል፤ የሰከረ ሰው በትክክል አይመልስም፣ ምን ላይ እንደሚፈርምም አያውቅም። ደግሞም ሐሽሽ ልብን ያስሮጣል፣ ሲነሱ ግፊትን ሊያወርድ ይችላል። በዚህ ላይ ደም ሲቀዳ ሰው ይወድቃል። ስለዚህ ዛሬ ያጨሰች ዛሬ አትስጥ። ይሄ ልክ ነው። ነገር ግን «ዛሬ አይሆንም» እና «ለዘላለም ተሰርዘሻል» በጣም የተራራቁ ናቸው።

እውነት አደጋ ያለው የት ነው ካላችሁ፣ አንዱ መርፌ ነው። በመርፌ ዕፅ የሚወስድ ሰው የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ሊይዘው ይችላል። ደም ይመረመራል፣ አዎ። ግን ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምርመራው ላይ የማይታይበት የመጀመሪያ ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ታማሚውን የሚያድነው የሰጪው እውነተኛ መልስ ነው።

ሌላው «ስፓይስ» እየተባለ የሚሸጠው በፋብሪካ ኬሚካል የተረጨ ቅጠል ነው። ሐሽሽ ይመስላል እንጂ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ እንዲህ ያለው ቅጠል ብሮዲፋኩም ከሚባል የአይጥ መርዝ ጋር ተቀላቅሎ ተሸጠ። መርዙ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ከ150 በላይ ሰዎች ከአፍንጫቸው፣ ከድዳቸው፣ ከሽንታቸው ደም እየፈሰሳቸው ታከሙ፤ የሞቱም አሉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለደም ባንኮች ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ ምክንያቱም ይህን ያጨሱ ሰዎች ደም ሰጥተው ነበር። አስቡት። ደሟ እንዲቆም ፕላዝማ የሚሰጣት ወላድ ደም የማያረጋ መርዝ ያለበት ፕላዝማ ብታገኝ!

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህን አደጋ የሚያስቀረው ምንድን ነው? የተለመደው የደም ምርመራ የአይጥ መርዝ አይፈልግም። የሚያስቀረው ልጅቷ ለነርሷ «ከትናንት በስቲያ እንዲህ ያለ ነገር አጭሻለሁ» ማለቷ ነው። ታዲያ ማኅበሩ ራሱ «ካጨስሽ ትሰረዣለሽ» ካላት ትናገራለች? አትናገርም። ለእኛ «አላጨስም» ትላለች፤ ሆስፒታልም ስንወስዳት አጠገቧ ቆመን እየሰማን ያንኑ ትደግመዋለች። ደሙን እናጠራለን ያልነው ደንብ ደሙን ያበላሸዋል። አገራችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እኛ ግን ሽሽግን በደንብ ልናዝ ነው።

ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ስማችን እንምጣ። «ማን ያጨሳል» የሚል መዝገብ ከያዝን ስማችን ይጠበቃል? እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የሊባኖስ የዕፅ ሕግ ቁጥር 673 ተጠቃሚን ከሦስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ያሳስራል። ወረቀት የሌላት ልጅ ላይ ይህ ሲጨመር መጨረሻው መባረር ነው። ያ ደብተር አንድ ቀን የማይሆን ሰው እጅ ቢገባ እኅቶቻችንን በእጃችን አሳልፈን ሰጠን ማለት ነው። ሕጉን ተላለፉ እያልኩ አይደለም። ማጨስንም አላመሰግንም፤ ስንት ልጅ በብቸኝነት ገብታበት ደመወዟን እንደጨረሰችበት አይቻለሁ። የምለው፣ የማኅበራችን ደብተር የፖሊስ ሥራ አይሥራ ነው።

ደግሞስ ስም የሚጠፋው በእኛ ብቻ ነው እንዴ? በቃዓ ሸለቆ ሐሽሽ የሚበቅልባት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ፓርላማው ለመድኃኒትና ለፋብሪካ የሚሆነውን ማብቀል ፈቅዷል። የማዳም ልጅ በረንዳ ላይ ሲያጨስ አመዱን የምናራግፈው እኛ ነን። እሱን ማንም «ደምህ ተበክሏል» አይለውም። የእኛን ደም ግን እዚህ ስንመጣ መርምረው «ንጹሕ ናት» ብለው ነው ሥራ ያስገቡን፤ ውጤቱን እንኳ ለብዙዎቻችን አላሳዩንም። «ቆሻሻ» የሚለውን ቃል ከእነሱ መስማት ይበቃናል። እርስ በርሳችን መባባል የለብንም።

በሌላ በኩል ደግሞ «ምን አገባቸው፣ ዝም ብለሽ ስጪ፣ የለም በያቸው» የሚሉ ልጆች አሉ። በእነሱም አልስማማም። አልጋ ላይ ያለችው እኅታችን የሚገባላትን ነገር የማወቅ አቅም የላትም፤ ያለችው በእኛ እውነት ነው። የባሰው ደግሞ ገንዘብ ሲገባበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1975 ጀምሮ ደም በፈቃድና ያለ ክፍያ ይሰጥ የሚለው ያለ ነገር አይደለም፤ የሚከፈለው ሰው የሚዋሽበት ምክንያት አለው። ሰው ከመቸገሩ የተነሳ ከሆስፒታል በር ላይ ለማያውቀው ሰው ዶላር ከፍሎ ያስቀዳል። የእኛ ዝርዝር የተጀመረው ከዚህ ሊያድነን ነው።

እኔ የማውቃቸው ሁለት ሴቶች ሊሰጡ ሄደው ተመልሰዋል። ሁለቱም በሐሽሽ አይደለም። ደማቸው አንሶ ነው። ለሴት ሄሞግሎቢን 12.5 ይፈለጋል፤ ክብደትም ብዙ ቦታ 50 ኪሎ ነው። የቤቱን ትራፊ ስትበላ የምትውል ልጅ ከየት ታምጣው? ስለ ደማችን መጨነቅ ከፈለግን ከዚህ እንጀምር፤ ምስር፣ ጎመን፣ ሥጋ ሲገኝም ሥጋ እንብላ፤ በስብሰባችንም ይህንኑ እንነጋገር።

ስለዚህ በቀረበው ሐሳብ ፈንታ ይህን እጠይቃለሁ።

ደብተሩ ላይ ስም፣ ስልክ፣ የደም ዓይነትና መጨረሻ የሰጠችበት ቀን ብቻ ይጻፍ። ሌላ ጥያቄ የነርሷ ነው።

ስትጠራ «ዛሬ አልችልም» ያለችን ልጅ ማንም ለምን አይበላት። ሌላ ይደወል። ምክንያቷን የምታውቀው እሷ ናት።

ሆስፒታል ስትጠየቅ ማዳምም፣ ጓደኛም ከአጠገቧ ይራቅ። ዓረብኛ የማትችል ከሆነች ከእኛ አንድ የምታስተረጉም ትግባ፤ የሰማችውን ግን እዚያው ትተወው። ያወራች አስተርጓሚ እሷ ትሰረዝ።

ለሁሉም በአማርኛ አንድ ወረቀት ይታደል፦ ዛሬ ያጨሰ ዛሬ አይስጥ፤ ስፓይስ ወይም ምንነቱን የማያውቀውን ነገር የወሰደ ለነርሷ ይናገር፣ ነርሷ ሳትፈቅድ አይስጥ፤ በመርፌ ዕፅ የወሰደ አይስጥ፤ የታመመ፣ መድኃኒት ላይ ያለ ይናገር።

ታላቅ እኅታችን ይህን አንብበው ይቆጡኝ ይሆናል። ቢቆጡም የምንፈልገው አንድ ነው፤ ታማሚዋ እንድትድንና ያዳነቻትም ሳትዋረድ ወደ ቤቷ እንድትመለስ። እሁድ ድምፅ ሲሰጥ እጄን የማነሳው «አይሰረዙ» ለሚለው ነው። የምትስማሙ አብራችሁኝ አንሱ፤ የማትስማሙም መጥታችሁ ተከራከሩኝ።