የኤርፖርት ይሉኝታ

ውጭ አገር የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ለጉዞው ያላሰናዳው ነገር የለም። በርበሬው ተፈጭቷል፣ ሽሮው ታሽጓል፣ ድርቆሹ በላስቲክ ተጠቅልሏል፣ ሻንጣው ከ23 ኪሎ እንዳያልፍ ሦስት ጊዜ ተመዝኗል። «ከኤርፖርት በምን ትሄዳለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ግን መልሱ አንድ ነው፤ «እነእንትና ይቀበሉኛል።» አለቀ። እነእንትና ማለት ባቡርም፣ አውቶቡስም፣ ታክሲም ማለት ነው።

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይህ ልማድ ፍቅር ነው ሲባል አይዋጥልኝም። ከፍቅሩ ይሉኝታው ይበዛል።

ዋሽንግተንን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ የሚነሳው አውሮፕላን ደለስ ኤርፖርት የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ በጠዋት፣ ሰው ሥራ በሚገባበት ሰዓት ነው። ኤርፖርቱ ከመሐል ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ተቀባዩ በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ ከሆነ ፈረቃውን ይተዋል፤ የተወው ሰዓት አይከፈለውም። ሌሊት ሲሠራ ያደረ ከሆነ ደግሞ እንቅልፉን ጥሎ መሪ ይጨብጣል። እንግዳው ከፓስፖርቱ ሰልፍ መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም፤ የመኪና ማቆሚያው ሒሳብ ግን ይቆጥራል። በመጨረሻ ይተቃቀፋሉ። «ሥራ አስፈታሁህ አይደል?» ይላል አንዱ። «ኧረ ምን ሥራ አለኝ!» ይላል ሌላው። ጠያቂው መልስ አይፈልግም፤ መላሹም እውነቱን አይናገርም።

ድሮ ቢሆን እሺ። ደለስ እ.ኤ.አ. በ1962 ከተከፈተ በኋላ 60 ዓመት ሙሉ የከተማው ባቡር አልደረሰበትም ነበር። ከኖቬምበር 15 ቀን 2022 ወዲህ ግን ሲልቨር ላይን የሚባለው የሜትሮ መስመር ደጃፉ ላይ ይቆማል። ከተርሚናሉ በምድር ውስጥ መተላለፊያ ጥቂት ደቂቃ ከተራመዱ ጣቢያው ነው። መሐል ከተማ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሒሳቡ ከ10 ዶላር በታች ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄድ ሰው ሜትሮ ሴንተር ላይ ወደ ቀዩ መስመር ይቀይራል፤ አሌክሳንድሪያ የሚሄደው ሮዝሊን ላይ ወደ ሰማያዊው። አንድ ጊዜ መቀየር ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ሜክሲኮ ወርዶ፣ ተጋፍቶ፣ ሌላ ታክሲ መያዝ የለመደ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ያቅተዋል?

«ብጠፋስ?» ይላሉ። የሚገርመው፣ ይህን የሚለው ከገጠር የመጣው ገበሬ አይደለም። ለኮንፈረንስ የሚሄደው፣ በእንግሊዝኛ ጥናት አቅራቢው ምሁር ነው! 50 ገጽ የጻፈበትን ቋንቋ የባቡር ካርታ ፊት ሲቆም ይረሳዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሲሄዱ ተቀባይ ይገባቸው ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ነበሩና። እኛ የማን መልእክተኞች ነን?

«ሻንጣዬስ?» የሚለው ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው። ባለ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ እየጎተቱ ባቡር መቀየር ቀልድ አይደለም። የዱባይ ሜትሮማ ለአንድ ሰው ከአንድ ትልቅና ከአንድ ትንሽ ሻንጣ በላይ አይፈቅድም። እንዲያ ከሆነ ታክሲ ይያዛል፤ ሦስት ሰው ሲካፈለው ብዙም አይጎዳ። መምረጥ ማለት ይህ ነው፤ ሻንጣን፣ ሰውንና ሰዓትን መቁጠር። ዓርብ ማታ ቤን ጉሪዮን የሚያርፍ ሰው፣ ቅዳሜ ማታ ሰንበታቸው እስኪወጣ ባቡር እንደማያገኝ ቀድሞ ይወቅ። ለንደን ሂትሮው የሚወርድ፣ ወደ ከተማው የሚወስዱ ሦስት ዓይነት ባቡሮች እንዳሉና ፈጣኑ ውዱ መሆኑን ይወቅ። ፓሪስ ሻርል ደ ጎል የሚወርድ፣ ወደ ከተማው የሚወስደው የታክሲ ዋጋ በመንግሥት የተቆረጠ መሆኑን አውቆ፣ አዳራሹ ውስጥ «ታክሲ? ታክሲ?» እያለ የሚያንሾካሽከውን ሰውዬ ትቶ ወደ ሕጋዊው ሰልፍ ይሂድ። ቦሌ በር ላይ ዋጋ ሳይቆርጥ የማይሳፈር ሰው ፓሪስ ሲደርስ ምን ይነካዋል?

ተቀባይ ጨርሶ ይቅር አላልኩም። ቋንቋ የማያውቁ እናት፣ ሕፃን ያዘለች፣ ሊታከም የመጣ በሽተኛ፤ እነዚህን ኤርፖርት ድረስ ሄዶ መቀበል ግዴታ ነው። ፈረቃ መተውም ለእነሱ ያምራል። ጤነኛው፣ ማንበብ የሚችለው፣ አንድ ሻንጣ የያዘው ግን ዘመዱ ሰፈር እስካለው ጣቢያ ራሱን ችሎ ይምጣ፤ ዘመድም እዚያ ወጥቶ ይቀበለው። እቅፉ ያው እቅፍ ነው።

ነገሩ የአንድ ጠዋት ብቻ ቢሆን ብዕር ባላነሳሁ። በመጀመሪያው ቀን ቲኬት መግዛት ያልተማረ እንግዳ ወሩን ሙሉ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ባለቤቱን ይጠብቃል። ሱቅ አድርሱኝ፣ ቤተ ክርስቲያን አድርሱኝ፣ እነእንትና ቤት አድርሱኝ፤ በመጨረሻም ኤርፖርት አድርሱኝ። ከዚያ አገሩ ገብቶ «እዚያ ያለ ሰው ጊዜ የለውም፣ ተለውጧል» እያለ ያማል። ጊዜውን ማን ጨረሰበት?

ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው ይባላል። እንግዲህ ቀጣዩ ተጓዥ ለዘመዱ ሲደውል «ስንት ሰዓት ትቀበለኛለህ?» ማለቱን ይተውና «ቤትህ የሚቀርበው ጣቢያ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ከበርበሬው ይልቅ ዘመዱን ደስ የሚያሰኘው ይህ ጥያቄ ነው።