ሚኒባሱ ሲሞላ ይነሳል፦ ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ

የዲሴምበር ዕረፍት እየተቃረበ ነው። በክሪስታል ሲቲ ሆቴሎች፣ በሬገን ኤርፖርት፣ በፓርኪንግና በታክሲ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ከአለቃችሁ ጋር ተሟግታችሁ የሦስት ሳምንት ፈቃድ አገኛችሁ እንበል። ይህችን ሦስት ሳምንት ለማጠራቀም ስንቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብል ሺፍት ሠርቷል! የአራት ሰው ቲኬት ተቆርጧል፤ ሻንጣው ሳሎን መሃል አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

ታዲያ ያቺ ሦስት ሳምንት እንዴት እንደምታልቅ ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ በማስተካከልና ዘመድ በመሳም ያልቃል። ሁለተኛው ሠርግ፣ ለቅሶ መድረስና የወረፋ ጉዳይ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በርበሬ ማስፈጨት፣ ሽሮ ማዘጋጀት፣ ሻንጣ ማመዛዘን። ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲመለሱ «ኢትዮጵያ ምን አያችሁ?» ቢባሉ የአክስታቸውን ሳሎንና የቦሌን ትራፊክ ከመናገር በቀር የሚሉት የላቸውም። እንዲህ ሆኖ የሚያልፈው ጊዜና ገንዘብ ያንገበግባል።

ስለዚህ በዚህ ወር የምመክራችሁ ከሃያ አንዱ ቀን አምስቱን ብቻ ቆርጣችሁ ወደ ገጠር እንድትወጡ ነው። እንደ ምሳሌ የመረጥኩት የጋሞ ዞንን ነው። ለምን ጋሞ? በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ለበዓል የምንለብሰውን የሀገር ልብስ አስቡት። ብዙው ከሽሮ ሜዳ የመጣ ነው፤ የሽሮ ሜዳን ሽመና ያቆሙት ሸማኔዎች ደግሞ አብዛኞቹ ዘራቸው ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ ይመዘዛል። ልጆቻችሁ የሚለብሱትን ጥበብ ሰው በእጁና በእግሩ እንዴት እንደሚሠራው ቆመው ቢያዩ አይረሱትም።

እስከ አርባ ምንጭ

ከክሪስታል ሲቲ ዳላስ መድረስ ድሮ የዘመድ መኪና መለመን ነበር። ከኖቬምበር 2022 ወዲህ ግን በብሉ ላይን እስከ ሮዝሊን፣ ከዚያ ሲልቨር ላይን ቀይራችሁ ኤርፖርት ደጃፍ መውረድ ይቻላል። ከአዲስ አበባ በኋላ ነው ምርጫው የሚመጣው።

በአውሮፕላን ከሄዳችሁ አርባ ምንጭ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ዓለም አቀፍ ቲኬታችሁ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የሀገር ውስጡ ቅናሽ እንዳለው አብራችሁ ጠይቁ። በመኪና ከሆነ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሻሸመኔ በኩል ደግሞ ወደ 500 ይጠጋል። ሁለቱም ወላይታ ሶዶ ላይ ይገናኛሉ፤ ከሶዶ አርባ ምንጭ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ትንሽ ልጅ ካላችሁ ሲሄዱ በአውሮፕላን፣ ሲመለሱ በመኪና ማድረግ ጥሩ ነው፤ ልጆቹ ሀገሩን በመስኮት ያያሉ፣ እናንተም የመጀመሪያዋን ቀን አታባክኑም።

አውቶቡስ ስትቆርጡ ሦስት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ ሰዓቱን፦ «11 ሰዓት ተገኙ» ከተባላችሁ ከሌሊቱ 11 ነው፤ በእናንተ ስልክ 5፡00 ኤ.ኤም. ማለት ነው። ስልካችሁ የአሜሪካን ሰዓት አቆጣጠር ስለሚከተል ማንቂያውን ከመሙላታችሁ በፊት ስድስት ሰዓት መቀነስና መደመሩን በወረቀት ጻፉት። ሁለተኛ ቀኑን፦ «በ20» ሲሏችሁ የየትኛው አቆጣጠር 20 እንደሆነ ጠይቁ። ሦስተኛ መነሻውን፦ ሁሉም አውቶቡስ ከአንድ መናኸሪያ አይነሳም፤ ቲኬቱን የሸጠላችሁ ሰው ቦታውን በምልክት ይንገራችሁ።

ከተማዋ ሁለት ናት

አርባ ምንጭ አንድ ስም ይኑራት እንጂ ሁለት ሰፈር ናት። ከላይ ሴቻ፣ ከታች ሲቀላ፤ በመካከላቸው አራት ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ሆቴል ስትይዙ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። መስሪያ ቤቶቹና ሐይቁን ከላይ የሚያሳዩት ሆቴሎች ሴቻ ይበዛሉ፤ ትልቁ ገበያና የገጠር መኪና ያለው ሲቀላ ነው።

በከተማው ውስጥ ባጃጅ ንጉሥ ነው። ባጃጅ ሁለት ዓይነት ዋጋ እንዳለው ግን እወቁ። በመስመሩ ላይ ሰው እየጫነ የሚሄድ ከሆነ ታሪፍ አለው፤ ብቻችሁን ከያዛችሁት ኮንትራት ነው። ሻንጣ ይዛችሁ፣ ስኒከር አድርጋችሁ፣ «ሃው ማች?» ያለ ልጅ አስከትላችሁ ከቆማችሁ ባለ ባጃጁ በራሱ ጊዜ ኮንትራት ያደርገዋል። ሳትገቡ «በታሪፍ ነው በኮንትራት?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚህች አንድ ጥያቄ ብቻ ከእንግድነት ወደ ሀገሬውነት ግማሽ መንገድ ትሄዳላችሁ። ዋጋውን ካላወቃችሁ ሹፌሩን ሳይሆን አጠገባችሁ የተቀመጡትን እናት ጠይቁ።

ቁጭ ብላችሁ ሁለቱን ሐይቆች ከላይ ተመልከቱ። አባያ ቡናማ ነው፣ ጫሞ ደግሞ ጠራ ያለ። መካከላቸው ያለው ተራራማ መሬት «የእግዜር ድልድይ» ይባላል። ጫሞ ላይ አዞና ጉማሬ ለማየት ጀልባ ስትከራዩ ዋጋው በአብዛኛው ለጀልባው እንጂ ለሰው አይደለም። ስለዚህ ሆቴላችሁ ቁርስ ላይ ያገኛችኋቸውን ሌሎች እንግዶች «አብረን እንሄድ?» ማለት ነውር የለውም። ምሳ አሳ ለብለብ፣ ከዚያ የአርባ ምንጭ ማንጎና ሙዝ። እኛ ግሮሰሪ የምንገዛው ሙዝ ሌላ ነገር ነው እንዴ ትላላችሁ።

ወደ ደጋው መውጣት

ጨንቻ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በካርታ ሲያዩት ከክሪስታል ሲቲ ዳላስ እንደመሄድ ነው። ነገር ግን መንገዱ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ2,700 ሜትር በላይ ይወጣል። ታች በቲሸርት ላብ ያጠመቃችሁ ሰዎች ላይ ጃኬት ትፈልጋላችሁ። ጉሙ ሲወርድ ፊት ለፊት ያለው መኪና አይታይም። ጥምዝምዙ ለሆድ አይመችምና ከመሄዳችሁ በፊት ለልጆቹ ከባድ ቁርስ አትስጡ፤ ሎሚና ባዶ ፌስታል በኪስ ያዙ። መስኮት ልክፈት ብትሉ ደግሞ «ንፋስ ይመታናል» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም፤ አትከራከሩ፣ መስኮት አጠገብ ያለውን ወንበር ቀድማችሁ ያዙ።

ሚኒባሱ የሰዓት ሠሌዳ የለውም። ሲሞላ ይነሳል። ሜትሮ ጣቢያ ቆመን «6 ደቂቃ» የሚለውን ጽሑፍ ማየት ለለመድን ሰዎች ይህ ትዕግሥት ይፈታተናል። ነገሩ ግን የእኛ ሀገር ብቻ አይደለም። ታይላንድ ገጠር ብትሄዱ «ሶንግቴው» የሚሉት፣ ከኋላው ሁለት አግዳሚ ወንበር የተገጠመለት ፒክአፕ አለ፤ የስሙ ትርጉም ራሱ «ሁለት ረድፍ» ነው። እሱም ብዙ ቦታ ሰው እስኪሞላ ቆሞ ይጠብቃል። ሰው በተራራቀበት ገጠር ባዶ መኪና ማስነሳት ለባለቤቱ ኪሳራ ነው። ይህን ከተረዳችሁ ንዴቱ ይበርዳል።

መላው ሁለት ነው። አንዱ የገበያ ቀን መሄድ ነው። ጨንቻ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ዶርዜ ሰኞና ሐሙስ ይገበያል፤ በእነዚህ ቀናት መኪናው ቶሎ ይሞላል፣ የምታዩትም ይበዛል። ሌላው የጎደለውን ወንበር ሂሳብ ከፍላችሁ ማስነሳት ነው። አራት ሆናችሁ ሦስት ወንበር ከጎደለ፣ ሦስቱን ከፍላችሁ «እንሂድ» ማለት ከኮንትራት በጣም ይረክሳል፤ ተሳፋሪውም ይመርቃችኋል። ልጅ ጭን ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ቢሆንም እናንተ ወንበር ግዙለት። መኪናው ከልኩ በላይ ትርፍ ከጫነም ውረዱና ቀጣዩን ጠብቁ። ያቺን ግማሽ ሰዓት ከፈቃዳችሁ ላይ የጠፋች አድርጋችሁ አትቁጠሯት።

ጣራ ላይ ሻንጣ ከማስጫናችሁ በፊት የጫኙን ዋጋ ተነጋገሩ። መውረጃችሁ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» በሉ፤ ልጆቹ እንዲሉት ብታለማምዷቸው ከጉዞው ሁሉ እሷን ይወዷታል። ከሁሉ በላይ፣ ስትወርዱ ረዳቱን «የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ይመለሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መኪና ማግኘት እየጠበበ ይሄዳል፤ በጉም ውስጥ በማታ መውረድ ደግሞ ማንም አይመክራችሁም።

ዶርዜ ላይ የቀርከሃውን ጎጆ ታያላችሁ፤ ፊቱ የዝሆን ግንባር ይመስላል። ግርጌውን ምስጥ እየበላው በዓመታት ዝቅ ይላል፤ ሲያስፈልግም ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከላል። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ከእንሰት የተሠራ ቆጮ በማርና በዳጣ ይቀርባል፤ ዳጣው ያቃጥላልና ለልጆቹ ማሩን አስቀድሙ። ጋቢ ከወደዳችሁ ከሸማኔው እጅ ግዙ። እዚያ የተከፈለው ብር ለሠራው ሰው ይደርሳል።

ኮንትራት መቼ?

ዘመድ ሁሉ «አውቶቡስ ምን ያደርግላችኋል፣ ላንድክሩዘር እናስይዝላችሁ» ይላል። አንዳንዴ ልክ ናቸው። ነጭ ሳር ፓርክ ገብቶ የሜዳ አህያ ለማየት መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ጠንካራ መኪና ያስፈልጋል። በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገበው የኮንሶ እርከን ከአርባ ምንጭ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ ኮንትራት ያዋጣል። ሽማግሌ ወላጅ ይዛችሁ ከሆነም እንዲሁ። ለጨንቻ ግን ሚኒባስ ይበቃል። ኮንትራት ስትይዙ ነዳጅ፣ የሹፌር አበልና መኝታ ዋጋው ውስጥ ይግባ አይግባ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ብዙው ጠብ የሚነሳው ከዚያ ነው።

እንግዳ መሆን

ጋሞ የሽማግሌ ሀገር ነው። በሴፕቴምበር 2018 ከቡራዩ ግጭት በኋላ አርባ ምንጭ ላይ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ሲነሱ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ይህን ታሪክ ለልጆቻችሁ እዚያው መንገድ ላይ ብትነግሯቸው ከማንኛውም ሙዚየም ይበልጣል። ስለዚህ ሽማግሌ ሲያልፍ ተነሱ፤ «ሳሮ» ብላችሁ ሰላምታ ስጡ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። መንገድ ላይ ለሚከተሉ ልጆች ብርና ከረሜላ አትበትኑ፤ መስጠት ከፈለጋችሁ ደብተርና እስክሪብቶ ገዝታችሁ ለትምህርት ቤቱ ስጡ።

መስቀልን ለማየት የምታስቡ ካላችሁ፣ «ዮ ማስቃላ» የጋሞ ትልቁ በዓል ነው። አዲስ አበባ ያለው ሸማኔ ሁሉ ወደ ቤቱ ስለሚገባ መኪና በዚያ ሰሞን በቀላሉ አይገኝም፤ ቲኬትና መኝታ ቀድማችሁ ያዙ።

ሳትነሱ በፊት

የሚከተለውን ቸል አትበሉ። የአርባ ምንጭ ቆላ ወባ አለበት። አሜሪካ ውስጥ ወባ ይዘው ከሚመለሱ መንገደኞች አብዛኞቹ ቱሪስቶች ሳይሆኑ እንደ እኛ ዘመድ ጥየቃ የሄዱ ናቸው። «እኔ እዚያ ተወልጄ» አይሠራም፤ ለዓመታት ርቆ የኖረ ሰው የነበረውን መከላከያ ያጣል፤ እዚህ የተወለደ ልጅ ደግሞ መጀመሪያውንም የለውም። ከመሄዳችሁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በፊት ሐኪም አማክሩ፣ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ውሰዱ፣ በአጎበር ተኙ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ ሐኪሙን «ኢትዮጵያ ነበርኩ» በሉት።

የመንገዱን ሰላም ደግሞ በሚነሱበት ሳምንት ጠይቁ፤ ባለፈው ዓመት የሄደ ሰው ወሬ አይበቃም። የስቴት ዲፓርትመንትን ማሳሰቢያ አንብቡ፣ አርባ ምንጭ ላለ ሆቴል ወይም ሰው ደውሉ፣ በቀን ብቻ ተጓዙ። ካርድ ደጋው ላይ ስለማይሠራ ዝርዝር ብር ያዙ፤ ቴሌብርም ክፈቱ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካላችሁ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪስ ውስጥ ይሁን፤ ሆቴል ላይ የሀገር ሰው ዋጋ ለመጠየቅ ይጠቅማችኋል።

ሌላ ሁሉ ቀላል ነው። በዚያ መንገድ ላይ ሰው ጠይቆ የጠፋ እንግዳ የለም፤ ጥያቄያችሁን የሰማ ሰው እጃችሁን ይዞ መኪናው በር ድረስ ያደርሳችኋል። በሚቀጥለው ወር ሽማግሌ ወላጆቻችንን ወደዚህ ስናመጣ በዳላስ በኩል እንዴት እንደምንቀበላቸው እንጨዋወታለን። እስከዚያው መልካም መንገድ!