ሳያነቡ መመለስ

በዳላስና በፎርት ወርዝ አካባቢ፣ በተለይ በጋርላንድና በሪቻርድሰን፣ አበሻ ቡና ይዞ ስለ አገር ቤት ሲያወራ የዋለልኝ መኮንን ስም ሳይነሣ አይቀርም። አንዱ ይረግመዋል፣ አንዱ ያወድሰዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ «ኧረ ይሄ ያረጀ ጽሑፍ ነው፤ ክርክሩ ይዘጋ!» ይላል። ከሦስቱ አስተዋይ የሚመስለው ይኸኛው ነው። የተሳሳተውም እሱ ነው።

ዕድሜ ክርክር የሚዘጋ ቢሆን ኖሮ፣ ዳላስ መሀል ከተማ ኤልም ጎዳና ላይ በነጭ ቀለም የተሰመረው የኤክስ ምልክት ዛሬ ትርጉም ባልኖረው ነበር። ኬኔዲ እዚያ የተገደሉት እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። በ1964 የዋረን ኮሚሽን ገዳዩ ኦስዋልድ ብቻ መሆኑን ደምድሞ ፋይሉን አጠፈ። በ1979 የምክር ቤት ኮሚቴ ሴራ ሳይኖር አይቀርም አለ። በ1992 በወጣ ሕግ የተደበቁት ሰነዶች በ25 ዓመት ውስጥ እንዲወጡ ተወሰነ፤ እስከ 2025 ድረስም ይወጡ ነበር። በዚህ ክርክር ውስጥ ቅዠት ሞልቷል፣ አይካድም። ቢሆንም ደጋግሞ የከፈተው ወረቀት ነው፤ በ1964 ለዘለዓለም ተዘግቶ ቢሆን ወረቀቱን የሚጠይቅም አይኖርም ነበር።

የእኛ ነገር ተገላቢጦሽ ነው። ወረቀቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ አደባባይ ላይ ነው። የዋለልኝ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. «ስትራግል» በተባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልሳን ላይ ወጣ። ጥቂት ገጽ ነው፤ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ያልቃል። ግን ማን አነበበው? የሚረግመው ሰው አንቀጽ 39ን ያሸክመዋል፤ ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ግን ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1987 ነው። ጽሑፉ ብሔረሰቦች ሁሉ በእኩልነት የሚሳተፉበት መንግሥት እንደሚጠይቅም አይነግረንም። የሚያወድሰውም ቢሆን፣ ዋለልኝ የኤርትራንና የባሌን እንቅስቃሴዎች ደግፎ ወዲያው ሶሻሊስት አይደሉም ብሎ እንደሚተቻቸው፣ መፈንቅለ መንግሥትንም እንደማይቀበል ዘሎ ያልፋል።

«ሟች መልስ አይሰጥም፤ ይተውለት» የሚል መከራከሪያ አለ፤ ከሁሉ የሚከብደውም እሱ ነው። ዋለልኝ ኅዳር 29 ቀን 1965 አውሮፕላን ለመጥለፍ በተደረገ ሙከራ ተገድሏል። ግን ክርክሩ ቢዘጋ ስሙ አያርፍም። ዛሬም አገር ቤት ሰው በማንነቱ እየተገደለ ጣት የሚቀሰረው ወደ እነዚያ ገጾች ነው፤ መዝጋት ማለት የመጨረሻውን ቃል ሳያነብ ለሚጮኸው መስጠት ነው።

መዘጋት ያለበት ሌላ በር ነው። ጽሑፉን ይዞ ለመጣ፣ ሃምሳም ሆነ መቶ ዓመት ይለፈው፣ ወንበር ይሳብለት። ባዶ እጁን የመጣውን «የቱ ገጽ ላይ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ እስኪመልስ ቡናው ይጠጣ።