ቪፒኤኑ ሠራ፤ ቁልፉስ ማን ጋ ነው?

በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ሲገደቡ ብዙ ሰው ቪፒኤንን ያወቀው ያኔ ነው። ገደቡ አምስት ወር ገደማ ቆይቶ ሐምሌ ላይ ተነሳ፤ አፑ ግን ስልካችን ላይ ቀረ። ሰቆጣም ሆነ አዲስ አበባ ያለ ወጣት ኔት ሲያስቸግረው «የሚሠራ ቪፒኤን ላኩልኝ» ይላል። የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪፒኤን ከስልካችሁ ተነስቶ ሌላ አገር ያለ ሰርቨር ድረስ የሚዘረጋ የተቆለፈ መስመር ነው። ቴሌ መስመሩን ያያል፣ ውስጡን አያይም። ወዲያኛው ጫፍ ላይ ያለው የሰርቨሩ ባለቤት ግን የትኛውን ድረ ገጽ እንደምትከፍቱ ማየት ይችላል። ነፃ ቪፒኤን ስታወርዱ የምታምኑትን ሰው ቀየራችሁ እንጂ ከመታየት አላመለጣችሁም።

ውጭ አገር የምታምኑት ዘመድ ካለ የተሻለ አማራጭ አለ፦ ዋየርጋርድ። ዘመድ ትንሽ ሰርቨር ተከራይቶ ይጭነዋል፤ ፕሮግራሙ ራሱ ነፃ ነው። ስልካችሁም ሰርቨሩም ሁለት ሁለት ቁልፍ አላቸው። አንዱ ለሌላው ወገን ይሰጣል፤ ሌላው ሚስጥር ነው፣ ከመሣሪያው መውጣት የለበትም።

የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ዘመድ ሁሉንም ጨርሶ አንድ ኪውአር ኮድ በቴሌግራም ይልካል፤ ሚስጥሩ ቁልፍም እዚያው ውስጥ አለ። ልጁ ደግሞ ደግነቱ በዝቶ ለአምስት ጓደኛ ያካፍላል! አንድ ቁልፍ ሁለት ስልክ ላይ ሲበራ ሰርቨሩ መልሱን የሚልከው መጨረሻ ላይ ላናገረው ነው፤ ሁለቱም ጋ ይቆራረጣል። ከዚያ «ቴሌ ዘጋው» ይባላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ስልክ አፑ ላይ የራሱን ቁልፍ ይፍጠር፣ ለዘመድ የሚላከው ያልተደበቀው ብቻ ይሁን።

ቴሌ መዝጋት አይችልም እያልኩ አይደለም። የዋየርጋርድ ትራፊክ መልኩ ይታወቃል፤ ውስጡ ሳይነበብም መዝጋት ይቻላል። በ2004 ቶር የተዘጋው በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው።

ለዋግ ኽምራ ልጆች ደግሞ ሌላም ነገር አለ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀበት ሰሞን፣ በአማራ ክልል የተቋረጠው ሞባይል ኢንተርኔቱ ራሱ ነው። ከሰቆጣ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ ከተዘጋ የመኪናው በር ቢቆለፍ ምን ይፈይዳል? «ኔት ቢጠፋም ይሠራል» ብሎ ቪፒኤን የሚሸጥላችሁ ካለ፣ ብራችሁን ያዙ።