ከመቀጥቀጥ በፊት አንድ መርፌ

ከሮቤ ወደ ጎባ የሚወስደው የ14 ኪሎ ሜትር መንገድ ግራና ቀኙ የስንዴ አገር ነው። ትራክተርና ኮምባይነር ከገቡበት ቆይቷል። ከጎባ በላይ ወደ ሳነቴ፣ ከሮቤ ደግሞ ወደ ዲንሾ ሲወጣ ግን መሬቱ ተዳፋት ይሆናል፤ ገብስ የሚዘራው ገበሬ ዛሬም በበሬ ያርሳል። እነዚያ በሬዎች ሁሉ በአንድ ክፉ ቀን አልፈዋል። የተቀጠቀጡበት ቀን ነው።

ቀኑ ምን እንደሚመስል ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ወይፈኑ በገመድ ተጠልፎ ይጣላል። አራት አምስት ጎልማሶች እግሩንና አንገቱን ይይዛሉ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቅርብ ከሆነ በቡርዲዞ፣ ካልሆነ በድንጋይና በእንጨት የዘር ፍሬው ሥር ይደቀቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከሥራው በፊት ማደንዘዣ፣ ከሥራው በኋላም ማስታገሻ የለም። ተፈትቶ ሲነሳ የኋላ እግሩን አንፈራጥጦ ይቆማል። ሣሩን ያሸታል እንጂ አይበላም። «ይለምደዋል» ተብሎ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል።

ይህን የሚያደርገው ገበሬ ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። በሬው በስም የሚጠራ፣ ሲታመም ቤቱን ሁሉ የሚያስጨንቅ ሀብት ነው። ያልተቀጠቀጠ ኮርማ ቀንበር ላይ ያስቸግራል፣ ይዋጋል፣ ላም ተከትሎ ይጠፋል። በግና ፍየሉም ሙክት ካልሆነ ለበዓል ገበያ የሚፈለገውን ስብ አይዝም። ስለዚህ ማኮላሸት ይቅር የሚል ክርክር ባሌ ላይ ቦታ የለውም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ይህ ሥራ ያለ ስቃይ ሊሠራ ሲቻል ለምን በስቃይ ይሠራል?

ስሙን ከጣሊያናዊው የእንስሳት ሐኪም ከናፖሊዮኔ ቡርዲዞ የወሰደው መቆንጠጫ ትልቅ መሻሻል ነበር። ቆዳ አይቀድም፣ ደም አያፈስም፤ ቁስሉ እንዳያመረቅዝና ትል እንዳይወድቅበት ይረዳል። ነገር ግን ደም አለመታየቱ ሰውን አሳስቷል። ሥሩ ሲደቀቅ ውስጡ ያለው ነርቭ አብሮ ይደቀቃል። ከብትና በግ ደግሞ በተፈጥሯቸው ሕመማቸውን ይደብቃሉ፤ አውሬ የሚያድነው እንስሳ ድካሙን ካሳየ መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነውና። ስለዚህ ዝም ብሎ የቆመ ወይፈን ያልታመመ ወይፈን አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይጠይቅም። የጥርስ ሐኪም ድድ ላይ የሚወጋው ሊዶኬይን ከ70 ዓመት በላይ በሥራ ላይ የቆየ መድኃኒት ነው። በዘር ፍሬው ሥር ተወግቶ ጥቂት ደቂቃ ከተጠበቀ ቦታው ይደነዝዛል። ኃይሉ አንድ ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ሕመም ደግሞ እንደ ሜሎክሲካም ያለ ማስታገሻ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። በብሪታንያ ሕግ ከሁለት ወር በላይ የሆነው ጥጃ፣ ከሦስት ወር በላይ የሆነው በግ ያለ ማደንዘዣ አይኮላሽም። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም ለሥጋ ከብት ባወጣው መመሪያ፣ የሚቻል ከሆነ ጥጃው ሦስት ወር ሳይሞላው እንዲኮላሽ ይመክራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እንስሳው ባደገ ቁጥር ጉዳቱ ይከፋል፣ ማገገሙም ይረዝማል።

የደጋው ገበሬ ግን በሬ የሚሆነውን ጥጃ በሦስት ወሩ አያኮላሽም። አንገቱ እስኪወፍር፣ ሻኛው እስኪቆም ይጠብቃል፤ ለማረሻ የሚፈልገው ጉልበት ከዚያ ይመጣልና። ይህ ስሌት ስህተት አይደለም። ትርጉሙ ግን ከባድ ነው፦ ሌላው ዓለም «ያለ ማደንዘዣ አይነካም» ብሎ ካሰመረው መስመር በላይ ያለው እንስሳ፣ እዚህ አገር ዘወትር የሚቀጠቀጠው እንስሳ ነው። ማደንዘዣው ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለባሌ ወይፈን ነው ማለት ነው።

«ለሰው ያልተዳረሰ ማስታገሻ ለከብት ሊታደል ነው?» የሚል ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። ተቃውሞው ተራ አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማስታገሻ ያጣ ሰው በዚህ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ሆኖም የእንስሳት መድኃኒት በአዋጅ ቁጥር 728/2004 መሠረት ራሱን ችሎ የሚመራ ዘርፍ ነው። ለወይፈን የተገዛ ማደንዘዣ ከታማሚ ሰው አልጋ ላይ የተነሳ አይደለም። የአንዱ ስቃይ መቀነስም የሌላውን አይጨምርም።

ማጋነን ደግሞ አያስፈልግም። «መርፌውን ያገኘ በሬ ይበልጥ ይወፍራል» ብሎ ለገበሬው ቃል መግባት አይቻልም፤ በዚህ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ውጤት የተለያየ ነው። መርፌውንም ማንም እንዳሻው አይወጋም። በተለይ በግና ፍየል ላይ መጠኑ ካለፈ ሊገድል ይችላል። መድኃኒት የወሰደ ሙክትም ወዲያው ለበዓል አይታረድም፤ ከሥጋው እስኪወጣ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ሥራው የባለሙያ ነው።

ባለሙያው ግን ማደንዘዣው በሳጥኑ ውስጥ ከሌለ ምን ያደርጋል? መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። በሲናና፣ በጎባና በዲንሾ ወረዳዎች ቡርዲዞ ያለበት የእንስሳት ክሊኒክ ሁሉ ከጎኑ ሊዶኬይን ይኑረው። የሚያኮላሽ ባለሙያ መጠኑንና አወጋጉን ይሠልጥን። በስንዴ ዘር ስሙን ያስጠራው የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ለአንድ ወይፈን የሚያስፈልገውን ወጪ አስልቶ ለገበሬው ይንገረው። ለሥጋ ብቻ የሚፈለገው ጠቦት ደግሞ ሳያድግ በጊዜ ይኮላሽ።

አይቻልም የሚል ካለ የደስታ በሽታን ያስታውስ። ከብት የጨረሰው ያ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ፣ አፋር በረሃ ድረስ ክትባት ይዘው በእግር የገቡ የማኅበረሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ድርሻ ነበረበት። በረሃ የዘለቀ ክትባት ካለ፣ ሮቤ ከተማ ደጃፍ ላይ የማትደርስ አንዲት መርፌ ልትኖር አይገባም።

ያ ወይፈን ነገ ቀንበር ተሸክሞ የሰው እንጀራ ያወጣል። ከዕድሜ ልክ ድካሙ በፊት አምስት ደቂቃ መጠበቅ አይበዛበትም።