ካርዳችንን የሚበላው ማን ነው?



ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ ብዙ አባሎች «የኢንተርኔት ጥቅል ገዝተን ሳንጠቀምበት ያልቅብናል፤ የስልክ ድርጅቱ ካርዳችንን እየበላ ስለሆነ ማኅበሩ በስማችን ማመልከቻ ይጻፍልን» ብለው መጠየቃቸው ይታወሳል። ሐሳቡ በጭብጨባ ተደግፎ ነበር። እኛም እንደ ታዘዝነው ማመልከቻውን ጻፍን፤ ማኅተምም መታንበት። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ አልላክነውም። «ጸሐፊው ተኛበት» እየተባልን መታማታችንን ስለ ሰማን ያልላክንበትን ምክንያት በዚህ ሰሌዳ ላይ ለማስረዳት ተገደናል።

ነገሩ የተጀመረው ከአንዲት እናት ቤት ነው። የእኚህ እናት ልጅ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። የምታርፈው እሑድ ብቻ ስለሆነ በሳምንት አንድ ቀን ማታ በኢሞ ትደውልና ይተያያሉ። እናት ለዚያች ሰዓት ብለው ቅዳሜ ጧት 2 ጊጋባይት ይገዛሉ። ታዲያ አንድ እሑድ ልጅቱ ብትደውል ብትደውል አልገባላትም፤ ለካ ጥቅሉ አልቋል። እናት ሲያለቅሱ፣ ልጅቱም በሰው አገር «እናቴ ምን ሆነች?» ስትል አደሩ። በማግሥቱ ጥፋቱ አብሯቸው በሚኖረው በ13 ዓመት የልጅ ልጃቸው ላይ ወደቀና ተገረፈ። እኛም ለሽምግልና ተጠርተን ሄደን፣ ልጁን ሳንጠይቅ «የአያትህን ካርድ ትጨርሳለህ?» ብለን ቆጣነው። አልነካሁም ብሎ ማለ፤ ማን ሊሰማው።

አብሮን የነበረ አንድ ወጣት አባላችን ግን ስልኩን ተቀብሎ፣ ሴቲንግ ከሚባለው ውስጥ ገብቶ «ዳታ ዩሴጅ» የሚለውን ከፈተልን። እዚያ ላይ በእያንዳንዱ ፕሮግራም ስም አጠገብ የበላው መጠን ተጽፏል። ከሁሉ በላይ የቆመው ዩቲዩብ ነበር። የታዩትን ቪዲዮዎች ዝርዝር ሲያወጣ ደግሞ የተገኘው የልጅ ካርቱን አይደለም፤ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ መዝሙር ነው። እናት ቅዳሜ እንጀራ ሲጋግሩ ስልኩን መሶቡ ላይ በፊቱ ደፍተው መዝሙር ሲያዳምጡ ነበር። ዘማሪዎቹ ሲያሸበሽቡ ማንም አላያቸውም፤ ሒሳቡ ግን በአብዛኛው የተከፈለው ለምስሉ ነው። እናት «እኔ ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ስልኩ ግን ይህን በምን ያውቃል?

ልጁን ያን ዕለት ማታ ይቅርታ ጠይቀነዋል። አሁንም በዚህ ሰሌዳ ላይ ደግመን እንጠይቀዋለን፤ የተቆጣነው ሰው እየሰማ ነበርና።

እኛ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍን ሰው ስለሆንን ወጣቱ ደጋግሞ ነው ያስረዳን። የገባንን ያህል ነገሩ እንዲህ ነው። በስልክ ቪዲዮ ሲታይ እንደ ቦኖ ውሃ በየሰከንዱ ይቀዳል፤ የቧንቧው ስፋት ደግሞ የምስሉ ጥራት ነው። 144፣ 240፣ 360፣ 480፣ 720፣ 1080 እየተባለ የሚጻፈው ምስሉ ስንት መስመር እንዳለው ያሳያል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል የሚቀዳውም ይበዛል። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚስብ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይጨርሳል። (8 ቢት 1 ባይት ነው፤ ሒሳብ የሚችል ልጅ ያላችሁ አሠሩት፣ እኛም አሠርተን ነው ያመንን።) በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚስብ ጥርት ያለ ምስል ከሆነ ግን በሰዓት 2250 ሜጋባይት ይሄዳል፤ የእኚያ እናት ጥቅል ሰዓት አይሞላውም ማለት ነው። ኔትፍሊክስ የተባለው ፊልም የሚያሳይ ድርጅት ራሱ ለደንበኞቹ የገለጸው በዝቅተኛው ጥራት በሰዓት እስከ 0.3 ጊጋባይት፣ ጥርት ባለው በኤችዲ ጥራት እስከ 3 ጊጋባይት እንደሚሄድ ነው። ስለዚህ 1 ጊጋባይት በአንደኛው 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሲያሳይ፣ በሌላው 20 ደቂቃ ብቻ ያሳያል። ያው ፊልም፣ ያው ስልክ! ድምፅ ብቻ ቢሆን ደግሞ በሰከንድ 128 ኪሎቢት የሚመጣ ጥሩ ድምፅ በሰዓት 58 ሜጋባይት ቢፈጅ ነው።

«ድሮስ ለምን ይበቃን ነበር?» ለሚሉን፦ በ2007 ዓ.ም. 4ጂ አዲስ አበባ ገባ፤ በግንቦት 2014 ዓ.ም. ደግሞ 5ጂ ተጀመረ። ዩቲዩብ «ኦቶ» በሚለው ላይ ከተተወ የኔትወርኩን ጉልበት እያየ ጥራቱን በራሱ ከፍ ያደርጋል። ድሮ ምስሉ ሲደበዝዝና ሲቆራረጥብን እየተናደድን፣ ለካ እየቆጠበልን ኖሯል። ቲክቶክማ ይባስ ብሎ እኛ አንዱን ስናይ ቀጣዩን አስቀድሞ ያወርዳል፤ ብናየውም ባናየውም ተከፍሎበታል።

እንግዲህ ማመልከቻውን ያልላክነው ለዚህ ነው። ድርጅቱ ንጹሕ ነው ማለታችን ግን አይደለም። ጥቅሉን ሲሸጥልን ይህ ስንት ሰዓት ቪዲዮ ያሳያል ብሎ የነገረን የለም፤ ጊጋባይት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ያለ ሚዛን እንደሚገዛ ነው። ነገር ግን «በልታችሁብናል» ብለን ጽፈን፣ እነሱ ዝርዝሩን አውጥተው መዝሙሩን ቢያሳዩን ማኅተማችን ያፍራል።

አንዳንድ ሽማግሌዎች «መፍትሔው ስልክን ከልጅ እጅ መንጠቅ ነው» ይላሉ። በዚህ አንስማማም። ልጆቻችን ያልገባቸውን የሒሳብ ትምህርት በቪዲዮ ደግመው ያያሉ፤ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ቁጥር ለማንበብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 360 ይበቃል። በእጅ መዳፍ ላይ በምታርፍ ስክሪን 480ን ከ1080 የሚለይ ዓይን ያለው ካለ ይምጣና ይታይልን። መዝሙርም ሆነ መንዙማ ለመስማት 144 ላይ ማድረግ ነው። ቪዲዮው እየሄደ ሳለ የጥርሳም ጎማ ምልክቷን ነክቶ «ኳሊቲ» የሚለውን መክፈት ነው፤ «ዳታ ሴቨር» የሚል ያገኛሉ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ቅሬታ እናንሣ። የማኅበራችን የቴሌግራም ቡድን የተከፈተው ለቅሶና ስብሰባ ለመጠራራት ነው። የሠርግ ቪዲዮ የሚለቁብን አባሎች አሉ። ደስታችሁ ደስታችን ነው፤ ሆኖም አንድ 40 ሜጋባይት ቪዲዮ ስልካቸው በራሱ እንዲያወርድ በተደረገ 50 ሰዎች እጅ ቢገባ 2 ጊጋባይት ከሰፈሩ ኪስ ወጣ ማለት ነው። ጥቅሉ ያለቀበት ሰው ደግሞ በማግሥቱ የቀብር መልእክት አይደርሰውም፤ ከዚያ «ቀረ» ተብሎ ይቀጣል።

የፊታችን እሑድ የወር መዋጮ ከተሰበሰበ በኋላ ሁለት ወጣቶች በማኅበሩ ቤት ተቀምጠው የእያንዳንዱን አባል ስልክ ያስተካክላሉ፤ ክፍያ የለውም። ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ። ያ ማኅተም ያረፈበት ማመልከቻ አሁንም በመሳቢያችን ውስጥ ነው፤ ጀርባው ባዶ ስለሆነ የተራ ስም የምንመዘግበው በእሱ ላይ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ