«ስፒሪት» ሁሉ መንፈስ ነውን?

መካኒሳ ወርዶ የሚያውቅ ተማሪ በአንድ ሰፈር ሁለት ዓይነት «ስፒሪት» መኖሩን ሳያስተውል አልቀረም። በአንድ በኩል በ1960 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ስለ መንፈስ ያስተምራል፤ በሌላ በኩል ሰፈሩ በአልኮል ፋብሪካ የታወቀ ነው። እንግሊዞች መንፈሱንም መጠጡንም ስፒሪት ይሉታል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቻችን «እንግሊዝኛ ሰፊ ነው፤ አማርኛ ግን ደሃ ነው» ይላሉ። እኛ አንስማማም።

ቃሉ «ስፒሪቱስ» ከሚለው ላቲን የመጣ ነው፤ እስትንፋስ ማለት ነው። እስትንፋስ የሕይወት ምልክት ስለሆነ ቃሉ ወደ ነፍስና ወደ መንፈስ አደገ። የጥንት ቀማሚዎችም ወይን ሲያፈሉ የሚወጣውን እንፋሎት በዚሁ ስም ጠሩት፤ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ መጠጥ ሲሆንም ስሙ አልለቀቀውም። ዐረቦች ግን ጠብታውን አይተው «ዐረቅ»፣ ማለት ላብ፣ አሉት፤ አረቄ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። አልኮል የሚለው ስም ራሱ እናቶቻችን ከሚኳሉት ኩል ጋር ምንጩ አንድ ነው።

አማርኛስ? ነፋስ፣ ነፍስ፣ እስትንፋስ፣ መንፈስ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች አይደሉምን? ላቲን በሄደበት መንገድ ግእዝም ሄዶበታል። መካኒሳን የያዘው ክፍለ ከተማ እንኳ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ተብሎ ይኸንኑ ሥር በየቀኑ ያስጠራናል።

እንግዲያስ ድህነቱ የቋንቋው ሳይሆን የኛ ነው። ስፒሪት የሚል ባየን ቁጥር ሳናስብ «መንፈስ» ብለን እናልፋለን። ኅብረትና መተባበር የሚሉ ቃላት ሳሉን «የቡድን መንፈስ» እንላለን። «የሕግ መንፈስ» የሚለው ተለምዷል፤ ይሁን። ዳሩ ግን «ኢን ሃይ ስፒሪትስ» የሚለውን በዚሁ ዘዴ ብንተረጉም፣ ደስ ያለውን ሰው ዛር የሰፈረበት ልናስመስለው ነው!

ነገሩ የቀልድ ብቻ አይደለም። ነገ ሕግ የምናረቅ፣ የመድኃኒት አወሳሰድ የምናስረዳ፣ ለገበሬው የምንጽፍ እኛው ነን። አንባቢያችን ደግሞ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በእጁ የለውም፤ የተሳሳትነውን እንደ ጻፍነው ይቀበለዋል።

ስለዚህ ቃሉን ሳይሆን አሳቡን እንተርጉም። በየትምህርት ክፍላችንም አንድ የቃላት መዝገብ እንክፈትና የተቸገርንበትን እየጻፍን እንከራከርበት። ቋንቋን ደሃ ከማለት በፊት ጓዳውን ፈትሾ ማየት ይገባል።